ከብቸና ሞጣ ሃያ ሁለት ደቂቃ

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ብቸና ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኜ ስሠራ ነው። ዛሬ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሳምስ እውላለሁ። ያቺን የጥር ሳምንት ግን ከሐሙስ ጠዋት እስከ ቅዳሜ ቀትር አንድም ሳይጎድል አስታውሳታለሁ። አንደኛው ምክንያት ሚስት ያገኘሁባት መሆኗ ነው። ሌላውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ እሱ እንደ መጀመሪያው ደስ አይልም።

አገሬ አርሲ ነው። ብቸና የሄድኩት ተመድቤ ነው እንጂ ዘመድ ኖሮኝ አይደለም። የሺን ያወቅኋት ትምህርት ቤት ክትባት ልሰጥ በሄድኩ ጊዜ ነበር። አስተማሪ ናት። ልጆቹ መርፌ ፈርተው ሲበታተኑ እጅጌዋን ሰብስባ ፊት ለፊቴ ቆመችና መጀመሪያ እኔን ውጋኝ አለችኝ። ወጋኋት። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤቱ በር የማያሳልፈኝ ሥራ አልነበረም፤ መንገዱ ቢጠመምም በዚያው ነበር የማልፈው።

የሺ የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ ቀኛዝማች አስረስ በአገሩ የታወቁ፣ ወግ የሚያጠብቁ ሰው ነበሩ። ለጥር ዕረፍት ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄዳ ሳለ፣ ማክሰኞ በመጣው አውሮፕላን ደብዳቤ ላከችልኝ። ሌሎች ሰዎች ሽማግሌ ልከዋል፤ አባቷ እሑድ መልስ እሰጣለሁ ብለዋል፤ የምልክ ከሆነ ከእሑድ በፊት ይሁን። ይኸው ነው። የቀረውን ወረቀት ባዶውን ትታዋለች። ያንን ባዶ ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ።

ለእኔ ሽማግሌ የሚሆነኝ ማን ነው? አከራዬ አቶ ወርቁ ነበሩ፤ ቆዳ ነጋዴ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ደግ ሰው። አቶ ወርቁ ብቻቸውን ግን ቀኛዝማችን ከወንበራቸው አያስነሡም። ክብደት ያለው ሰው አንድ ነበር፤ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ሐዲስ። ሞጣ ድረስ ያሉ ካህናት ከእሳቸው እግር ሥር የተማሩ ናቸው።

ከመሪጌታ ጋር ያስተዋወቀን ቁስላቸው ነው። ቅልጥማቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል ነበረባቸው። ጤና ጣቢያ መመላለስ ስለማይችሉ ከሰኔ ጀምሮ ከሥራ በኋላ ጎጇቸው እየሄድኩ አጥብና በፋሻ እጠቀልልላቸው ነበር። እኔ ሳጥብ እሳቸው ተማሪ ያስቀጽላሉ። አንድም ቀን አመመኝ ብለው አያውቁም። ነገሬን ስነግራቸው ማን ነች፣ የማን ልጅ ነች ብለው አልጠየቁኝም። መቼ ነው የምንነሣው አሉኝ።

ያን ጊዜ በዚያ በኩል መኪና የሚታሰብ አልነበረም። ከብቸና ሞጣ በበቅሎ ሁለት ቀን ተኩል ነው። ረቡዕ ቢነሡ ዓርብ ቀትር ይገባሉ። መሪጌታ በቅሎ ይጫንልኝ አሉ። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ያንን እግር ሁለት ቀን ተኩል እርካብ ላይ ማንጠልጠል እግሩን እንደ መቁረጥ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሞጣ የሚያልፍ አውሮፕላን ነበር።

“ሽማግሌ በአየር ሄዶ አያውቅም” አሉኝ። “ልጅ ሊለምን የሚሄድ ሰው ደክሞ ነው የሚደርሰው።”

እኔ ያኔ የእጅ ሰዓት ያለኝ፣ ሳይንስ ቀመስኩ የምል ጎረምሳ ነኝ። ድካም ለልመናው ምን ይጨምርለታል ብዬ ተሟገትኩ። በመጨረሻ እግራቸውን እያየሁ፣ በበቅሎ ከሄዱማ እኔም አላገባ አልኩ። ሣቁና እሺ አሉ። የሚያገባ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር መታየቱ ነውር ቢሆንም፣ ለቁስሉ ስል እኔም ተደብቄ አብሬ ልሄድ ተስማማን።

ሐሙስ ጠዋት ሜዳው ላይ ከብቶች ተባረሩ። የአውሮፕላኑ ወኪል ከዕቃ ጋር ሰውንም ይመዝናል፤ ሚዛኑ እህል የሚመዘንበት ዓይነት ነው። መሪጌታ ሚዛን ላይ ሲወጡ አንገታቸውን ደፉ። በሕይወቴ መመዘን የምጠብቀው በወዲያኛው ዓለም ነበር አሉ። ወኪሉ ኪሎውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠርቶ ጻፈ።

ዳኮታ በምትባለው አውሮፕላን ውስጥ መቀመጫው በግራና በቀኝ እንደ መደብ የተዘረጋ ነው፤ መሀል መሀሉን ቆዳና ቅቤ ተጭኗል። ስትነሣ አቶ ወርቁ በገዛ ቆዳቸው እስር ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያ ሁሉ ጨዋታ የት እንደገባ እንጃ። መሪጌታ የዕለቱን ዳዊት ጀመሩ። እኔ እጃቸውን ይዤ የደም ሥራቸውን ትርታ በሰዓቴ እቆጥራለሁ። ከእኔ ትርታ ይልቅ የእሳቸው ይረጋ ነበር።

መነሻውንና ማረፊያውን በሰዓቴ ይዤዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ። መሪጌታ ዳዊቱን ገና እኩሌታ እንኳ አላደረሱም። ወርደው መሬቱን በዘንጋቸው ነካ ነካ አደረጉና “ሞጣ ነው?” አሉኝ። ሞጣ ነው አልኳቸው። እኔ በኩራት ነበር ያልኩት፤ አውሮፕላኑን የሠራሁት ይመስል።

ሦስተኛው ሽማግሌ ቄስ ምሕረቱ ሜዳው ላይ ጠበቁን። የመሪጌታ የቀድሞ ተማሪ ናቸው፤ ማረፊያችንም እሳቸው ቤት ነበር። ሦስቱ ወደ ቀኛዝማች ግቢ ሄዱ። እኔ እዚያው ሞጣ ክሊኒክ የሚሠራ ጓደኛዬ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አቶ ወርቁ እንደነገሩኝ ነው የምነግራችሁ፤ የእሳቸውን ማጣፈጫ አውጥቼ።

ቀኛዝማች በክብር ተቀበሏቸው። ከመቀመጣቸው በፊት ማንኛውም መንገደኛ የሚጠየቀውን ጠየቁ፤ መቼ ነው የተነሣችሁት? አቶ ወርቁ ማክሰኞ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ መሪጌታ ቀደሟቸው፤ ዛሬ ጠዋት፣ በአውሮፕላን።

ቀኛዝማች የሽማግሌዎቹን እግር አዩ። አቧራ የለም። ፊታቸውን አዩ። ድካም የለም።

“ሌሎቹ ከደጀን በበቅሎ ነው የመጡት” አሉ። “እኔ ሃያ ዓመት ያሳደግኋትን ልጅ እናንተ በቁርስና በምሳ መካከል ልትጠይቁኝ መጣችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። በወጉ ስትመጡ በወጉ እመልሳለሁ።”

አቶ ወርቁ የመሪጌታ እግር ታሞ ነው እኮ ሊሉ ሲሉ መሪጌታ በዘንጋቸው ጫማቸውን ነካ አደረጓቸው። ወጡ። ደጅ ሲደርሱ አቶ ወርቁ ለምን አስቆሙኝ ብለው ተቆጡ። መሪጌታ ቁስሌን ለልመና አላወጣም አሉ። ቀጥለውም ቀኛዝማች እውነት አላቸው አሉ፤ የብቸና መንገድ ሁለት ቀን ተኩል ነው፤ ካልሄድነው ደጃቸው ላይ ተቀምጠን እንጓዘዋለን።

ከግቢው በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቀልድ የመሰላቸው አቶ ወርቁ እስኪመሽ ድረስ ነው ቀልድ አለመሆኑ የገባቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ መሪጌታ ተነሡ፤ መንገደኛም ማታ ማታ ያድራል አሉ። ዓርብ ሲነጋ ተመልሰው እዚያው ድንጋይ ላይ ናቸው።

ሐሙስ ማታ ቄስ ምሕረቱ ቤት ቁስሉን ሳጥብ እግሩ አብጦ ነበር። ለምኛቸው ነበር። ይቅርብኝ አልኳቸው፤ ሌላ ሴት አላጣም አልኳቸው። ውሸቴን ነው። መሪጌታም ውሸቴን መሆኑን ስላወቁ ፋሻውን አቀበሉኝ።

ዓርብ ጠዋት ከተማው ሁሉ ወሬውን ሰምቷል። አላፊ አግዳሚው እየቆመ መሪጌታ፣ የት ደረሳችሁ ይላል። ደብረ ወርቅን አልፈናል ይላሉ ረጋ ብለው። መጀመሪያ ሰዉ ይሥቅ ነበር። ከዚያ ባልቴቶች እየመጡ እጅ ነሥተው ማለፍ ጀመሩ። ረፋድ ላይ ከግቢው ውስጥ አንድ አጎዛ በአጥሩ ላይ ተወርውሮ እግራቸው ሥር ወደቀ። ማን እንደ ወረወረው ማንም አልጠየቀም። መሪጌታ አነሡና ድንጋዩ ላይ አነጠፉት።

ወደ ስድስት ሰዓት አቶ ወርቁ እኔ ወዳለሁበት እየሮጡ መጡ። ፋሻው ርሷል፣ ደሙ ጫማቸው ውስጥ ገብቷል፣ ሰውየው ግን እስከ ማታ ንቅንቅ አልልም ብለዋል አሉኝ። ቦርሳዬን አነሣሁ። አቶ ወርቁ በሩ ላይ ቆመው ያዙኝ። አንተ ከዚያ ደጅ ከታየህ አለቀልህ፣ ልጅቷን እርሳት አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ራሱ መጥቶ ደጅ የቆመ ሙሽራ የት ታይቶ ያውቃል? እኔም አውቄዋለሁ። ግን ያ ቁስል የስምንት ወር ሥራዬ ነው፤ እንዴት አድርጌ ልቀመጥ?

ሄድኩ። አንገቴን ደፍቼ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አልፌ መሪጌታ ፊት ተንበረከክሁ። ፋሻውን ፈታሁ። ከያዝኩት ማሰሮ ሳህን ላይ ውሃ ቀዳሁና ማጠብ ጀመርኩ።  ትንሽ ቆይቶ አንድ ነጭ በርኖስ አጠገቤ ቆመ። ቀና አላልኩም።

“ማነህ አንተ?” አሉ ቀኛዝማች።

አቶ ወርቁ የሞጣው ሐኪም ነው ማለት ሲጀምሩ ሰማኋቸው። መሪጌታ በዘንጋቸው ነካ አደረጓቸው። መልሱ ለእኔ የተተወ መሆኑ ገባኝ።

“ድሬሰር ነኝ፤ ከብቸና።”

“ልጄን ያስጠየቅኸው?”

“አዎ ጌታዬ።”

“እዚህ መምጣትህ ነውር መሆኑን አታውቅም?”

“አውቃለሁ። ቁስሉ ግን እስከ ማታ አይቆይልኝም።”

ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። የሺን እንዳጣኋት እርግጠኛ ነበርኩ።  ቢያንስ ፋሻውን በደንብ ላድርገው ብዬ አሰብኩ።

ቀኛዝማች ጎንበስ ብለው ቁስሉን አዩ። ይህን ከመቼ ጀምረህ ነው የምታጥበው ሲሉ ጠየቁኝ። ከሰኔ ጀምሮ በየቀኑ አልኳቸው። እሑድም? እሑድም። በክረምቱ ጭቃስ? በክረምቱም። ከዚያ ማሰሮውን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ውሃውን ቀስ እያሉ በእጄ ላይ ያንቆረቁሩልኝ ጀመር።  ጠቅልዬ ስጨርስ ወደ መሪጌታ ዞሩ።

“ምነው መሪጌታ? ከሰኔ ጀምራችሁ ስትመጡ ኖራችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ተነሣን ትሉኛላችሁ?”

ከዚያ ግቡ አሉ። እኔ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። መሪጌታ ግን ከአጎዛው ላይ አልተነቃነቁም። ገና ጉንደ ወይን ነን፣ ቀኛዝማች፤ ነገ ቀትር ላይ እንገባለን፤ በመንገድ ያለ ሰው ቤት ገብቶ አያውቅም አሉ። አቶ ወርቁ ራሳቸውን ያዙ። ቀኛዝማች አንድ አፍታ አዩአቸውና ከውስጥ በርጩማ አስመጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ዓርብ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ፣ ቅዳሜንም እስከ ቀትር፣ ሁለቱ ሽማግሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ከራንዮን አለፉ፤ አቀበቱ ጠና፣ ወንዙ ጎደለ እየተባባሉ ሲጫወቱ ዋሉ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ቀኛዝማች ተነሥተው እንኳን ደኅና ገባችሁ አሉ፤ አስገብተውም እግራቸውን አስታጠቧቸው። የሺን ሰጡኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ቀኛዝማች ልጃቸው እንዳትርቃቸው ስለፈለጉ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ከብቸና ስነሣ ከመሪጌታ ተማሪዎች አንዱን ማጠብና መጠቅለል አስተማርኩት። መሪጌታን ጉልበታቸውን ስሜ ስሰናበታቸው አይዞዎት፣ በየወሩ እየመጣሁ አየዋለሁ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ ናት አልኳቸው።

“በበቅሎ ብትሆን ኖሮ ቀን ትቆርጥልኝ ነበር” አሉኝ። እየሣቁ ነው ያሉት። እኔም ሣቅሁ።

አንዱ ወር ሄደ። አውሮፕላኑ ማክሰኞና ሐሙስ ይመላለሳል፤ ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማል። ሐሙስ ሥራ በዛብኝ፤ ማክሰኞ የሺ ጉንፋን ያዛት፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ ምን እንደያዘኝ እንኳ አላስታውሰውም። ሩቅ ቢሆን ኖሮ እጨነቅበት ነበር። ቅርብ ስለሆነ ምን ያስቸኩለኛል፣ ሲመቸኝ እሄዳለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ አደረገው፤ አውሮፕላኑ እስከ መስከረም ቆመ።

ሐምሌ ላይ አንድ መንገደኛ ከዚያ ከተማሪው ወረቀት ይዞልኝ መጣ። እግሩ ጠቁሯል፣ መምህር ምግብ ትተዋል ይላል። በዚያው ሰዓት በቅሎ ጭኜ ወጣሁ። ወንዞቹ ሞልተው ነበር፤ በአንዱ ወንዝ ዳር ብቻ አንድ ቀን ሙሉ ውሃው እስኪጎድል ቆሜያለሁ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። ብቸና ስገባ መሪጌታ ከተቀበሩ ሁለት ቀናቸው ነበር።

ተማሪዎቹ ጎጇቸው ውስጥ አስገቡኝ። ያ ያስተማርኩት ልጅ ውሃ ይዞ መጥቶ ጫማዬን አወለቀና እግሬን ማጠብ ጀመረ። መንገደኛ ስለሆንኩ ነው። ተው ልለው አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ። እንደ ልጅ አለቀስኩ። ጠይቀውኝ እንደነበር ብጠይቀው፣ ሥራ ይዞት ነው፣ ቅርብ ነው፣ ይመጣል ይሉ ነበር አለኝ።

እነሆ ስንት ዘመን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አውሮፕላን ተሳፍሬያለሁ፣ ከአገርም ወጥቼ ተመልሻለሁ። የሺና እኔ ሰባት ልጅ ወልደናል። ቀኛዝማችም አልፈዋል፤ ጥሩ አማት ነበሩ። የብቸናን የጠዋት ብርድ፣ የመሪጌታን ጎጆ፣ ተማሪዎቹ እየተቀባበሉ ሲቀጽሉ የነበረውን ድምፅ ዛሬም እናፍቃለሁ። ስናፍቅ ደግሞ ያሳፍረኛል። ሰውየው ለእኔ ሲሉ ያንን እግር ይዘው ሁለት ቀን ተኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ለእሳቸው ሃያ ሁለት ደቂቃ አጣሁ።

ልጆቼ ስልክ ደውለው እንመጣለን አባባ፣ ቅርብ ነን ሲሉኝ ቀኑን ንገሩኝ እላለሁ። አሁን ምን ያስቸኩልሃል ይሉኛል፤ ሽማግሌ ነዝናዛ ነው እየተባባሉም ይሥቁብኛል። ይሣቁ። እኔ ቀኑን ሳይነግሩኝ ስልኩን አልዘጋም።